ለቴአትር ክበባት ነፃ የሆኑ ክላሲክ ተውኔቶች፦ ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይሄን የፃፍኩት ስልክ ሲደወልልኝም፣ ቡና ላይ ቁጭ ብለን ስናወራም አንድ አይነት ጥያቄ ስለሚመላለስብኝ ነው። ጠበቃ አይደለሁም። ጅማ ውስጥ ከአንዲት ትንሽ የቴአትር ክበብ ጋር ስክሪፕት ስተረጉም፣ ወንበር ስደረድር፣ ሰው ሲቀር ደግሞ ፂም ለጥፌ ስተውን አመታት ያለፉኝ ሰው ነኝ። ከዚህ በታች ያለውን በዛ ልክ ውሰዱት።

"ነፃ ስትል ምን ማለትህ ነው? ዝም ብሎ መስራት ይቻላል?"

አዎ ዝም ብሎ። ማንንም ሳታስፈቅዱ፣ ለደራሲም ለወራሽም ሳትከፍሉ መድረክ ላይ ታወጡታላችሁ ማለት ነው። የኛ አገር የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በ2007 በአዋጅ 872 የተወሰነ ነገሩ ተሻሽሏል) ደራሲው በህይወት እስካለ፣ ከሞተ በኋላ ደግሞ 50 አመት፣ የስራው ጥቅም የሱና የወራሾቹ ነው ይላል። ከዛ በኋላ የህዝብ ሀብት ይሆናል። ሁለት ሰው አብሮ የፃፈው ከሆነ የሚቆጠረው መጨረሻ ከሞተው ነው። ህጉ ይሄው ነው፣ አይከብድም፣ ሰው የሚሳሳተው ትርጉም ላይ ነው፣ እሱ ወረድ ብሎ አለ።

"መግቢያ ካላስከፈልን ግን የፈለግነውን መስራት እንችላለን አይደል?"

አይደለም። በነፃም አሳያችሁት በትኬት ህዝብ ፊት ነው ያሳያችሁት። ይልቅ ደራሲው በህይወት ካለ ደውሉለትና በነፃ እንደምታሳዩ ንገሩት፣ ደስ ብሏቸው የሚፈቅዱ አሉ፣ ሳይጠየቁ ፖስተር ላይ ሲያዩት ነው የሚከፋቸው።

"እሺ እነማን ናቸው ነፃ የሆኑት?"

ከጥንት ግሪኮቹ ጀምሩ፣ ሶፎክልስ፣ ዩሪፒዲስ፣ አሪስቶፋነስ። ሼክስፒር አለ። ሞሊየር አለ፣ በ1673 በሽታ ሳይኖርበት ታምሜያለሁ የሚል ሰው ሆኖ ሲጫወት መድረክ ላይ ታሞ በዛው ሌሊት የሞተው፣ ለተዋናይ ከዚህ የበለጠ አሟሟት አላውቅም። ጎጎል በ1852፣ ኦስካር ዋይልድ በ1900፣ ቼኾቭ በ1904፣ ኢብሰን በ1906፣ ስትሪንበርግ በ1912፣ ሎርካ በ1936፣ በርናርድ ሾው በ1950 ሞተዋል። እነዚህ ሁሉ 50 አመታቸውን ጨርሰዋል።

ያልጨረሱትንም ልንገራችሁ ምክንያቱም ክላሲክ ስለተባሉ ብቻ ነፃ የሚመስሏቸው ሰዎች አሉ፦ ቤኬት በ1989፣ ቴነሲ ዊሊያምስ በ1983፣ አርተር ሚለር በ2005 ነው የሞቱት። ዎሌ ሾዪንካ ደግሞ በህይወት አለ።

የውጭ ደራሲዎቹና የስራዎቻቸው አመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ የአዋጁና የኢትዮጵያውያኑ ግን በኛ። ይሄን የምለው አንዱ ልጅ ጀርመናዊው ፀሀፌ ተውኔት ብሬኽት በ1956 ሞተ የሚለውን በኛ ቆጥሮት 8 አመት ሲሳሳት ስላየሁ ነው። ወይ ሁሉንም በኛ አድርጉት ወይ ሁሉንም በነሱ፣ አትቀላቅሉት።

"ሼክስፒር ከሞተ 400 አመት አልፎት የለ? ታዲያ በአማርኛ የታተመውን ኦቴሎ ለምን አንሰራውም?"

ይሄ ነው ሁሉንም የሚያስተው። እንግሊዝኛው የማንም ነው፣ አማርኛው ግን የተርጓሚው ነው። ህጉ ትርጉምን ራሱን እንደቻለ ስራ ነው የሚያየው፣ የራሱ 50 አመት አለው። ኦቴሎን፣ ሃምሌትንና ማክቤዝን ወደ አማርኛ የመለሱት ሎሬት ፀጋዬ ገብረመድህን ያረፉት በ1998 (በኛ) ነው፣ ስለዚህ ቢያንስ እስከ 2048 ወራሾቻቸውን ማስፈቀድ አለባችሁ። ሮሜዎና ዡልየትን የተረጎሙት ከበደ ሚካኤል በ1991 ነው ያረፉት፣ እሳቸውም እስከ 2041 ናቸው።

እኛ ይሄን የተማርነው በኪሳራ ነው። ሽፋኑ የተገነጠለ የፎቶ ኮፒ ስክሪፕት ከሆነ ሰው እጅ አገኘን፣ የሞሊየር ነበር፣ የማን ትርጉም እንደሆነ የሚል የለውም፣ እኛም አልጠየቅንም፣ ሞሊየር ሞቷል ብለን 6 ሳምንት አጠናን። ልብስ ተሰፋ፣ ፖስተር ተለጠፈ። ከዛ አንድ ትልቅ ሰውዬ ፖስተሩን አይተው የጥናት ሰአት ላይ መጡና "ይሄን የተረጎመው ሰው እኮ አለ፣ አስፈቅዳችሁታል?" አሉ። ፀጥ። ተርጓሚውን ብንፈልግ ብንፈልግ ስልኩን የሚያውቅ ጠፋ፣ አዳራሽ የያዝንበት ቀን ደረሰ፣ ተውነው። አባትየውን የምትጫወተው ልጅ (አዎ ልጅት ነበረች፣ ወንድ ጠፍቶ) ያንን ሁሉ ቃለ ተውኔት አሁንም በቃሏ ትወጣዋለች፣ ቡና ስታፈላ ትለዋለች።

ከዛ በኋላ ክበባችን ውስጥ አንድ ደንብ ወጣ። ሽፋን የሌለው ስክሪፕት አይጠናም።

"እንግሊዝኛውን ከየት እናውርድ?"

ፕሮጀክት ጉተንበርግ፣ ዊኪሶርስ፣ ኢንተርኔት አርካይቭ። ጉተንበርግ ላይ ፅሁፉ ብቻ ስለሆነ ፋይሉ ትንሽ ነው፣ ኔትወርክ በሚንቀራፈፍበት ሰአት እንኳ ይወርዳል። ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ግን ሰው የሚጭነው ሁሉ ነፃ አይደለም፣ አረጋግጡ።

ሌላ ደግሞ፣ ቼኾቭ የፃፈው በሩሲያኛ፣ ኢብሰን በኖርዌይኛ ነው። የምታወርዱት እንግሊዝኛ ራሱ የሆነ ሰው ትርጉም ነው። ስለዚህ አሮጌ ትርጉም ፈልጉ። የቼኾቭን አጫጭር ኮሜዲዎች የተረጎመው ጁሊየስ ዌስት በ1918 ነው የሞተው፣ ረጃጅሞቹን የተረጎመችው ኮንስታንስ ጋርኔት በ1946። የኢብሰንን "የህዝብ ጠላት" መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ ከመለሱት አንዷ ኤልኖር ማርክስ ናት፣ የካርል ማርክስ ልጅ፣ በደርግ ጊዜ ማርክስን በቃላቸው ያጠኑ አጎቶቻችን ይሄን ሲሰሙ ይገርማቸዋል። ቋንቋው ትንሽ የድሮ ነው፣ ግን እናንተ ወደ አማርኛ ስትመልሱት ማን ያውቅባችኋል።

"ሶስት ሰው ብቻ ነን፣ መድረክም የለንም፣ ምን እንስራ?"

የቼኾቭን "የጋብቻ ጥያቄ"። መልሴ ሁሌ ይሄ ስለሆነ ጓደኞቼ ሰልችቷቸዋል። በ1888 (በፈረንጅ) የተፃፈች ባለ አንድ ገቢር ኮሜዲ ናት፣ ሶስት ተዋናይ፣ አንድ ክፍል፣ ግማሽ ሰአት ገደማ። ሎሞቭ የሚባል ሰውዬ ሙሉ ልብስ ለብሶ ጓንት አጥልቆ ጎረቤቱ ቤት ልጅህን ስጠኝ ሊል ይመጣል፣ አባትየው ደስታውን አይችለውም፣ ልጅቷ ግን ለምን እንደመጣ አታውቅም፣ ወሬ ሲጀምሩ ስለ አንድ ቁራጭ የሳር መሬት የኛ ነው የኛ ነው ይባባላሉ፣ ሰውየው ልቡ ይመታል፣ እግሩ ይደነዝዛል፣ ተባሮ ይወጣል። ልጅቷ ለምን እንደመጣ ስትሰማ "መልሱት!" ብላ ትጮሃለች። ይመለሳል። አሁን ደግሞ የማን ውሻ ይበልጣል ብለው ይጣላሉ።

ወደ ጅማ ስናመጣው የሳሩ መሬት አላስቸገረንም፣ ድንበር ላይ ያለ የቡና ማሳ አደረግነው፣ ይሄ ለማንም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ውሻው ግን አስቸገረን። የአደን ውሻ ዘር ላይ መከራከር እዚህ ማንንም አያስቅም፣ አንደኛው ልጅ ዶሮ እናድርገው አለ፣ ሌላዋ በሬ፣ መጨረሻ ላይ በቅሎ ሆነ። ኦሪጂናሉ ላይ ሎሞቭ የነሱ ውሻ የታች መንጋጋው ከላይኛው ያጥራል ይላል፣ እኛ ይችኑ ወደ በቅሎዋ አዞርናት፣ በቅሎ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ አፏን ከፍቶ አይደል የሚያየው፣ ተዋናዩ ሁለት ጣቱን የራሱ አፍ ውስጥ ከትቶ መንጋጋዋን ሲያሳይ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ከውሻው የባሰው ሽማግሌ ነው። እኛ ጋ ሰው ብቻውን ሄዶ ልጅህን ስጠኝ አይልም፣ ሽማግሌ ይልካል፣ ተመልካቹ ደግሞ ይሄን ዝም ብሎ አያልፍም። ሽማግሌ እንዳንጨምር ሶስት ሰው ነን። መፍትሄውን ያመጣችው ልጅቷን የምትጫወተው ተዋናይ ናት፦ ሽማግሌዎቹ ይቅሩበት አለች። የኛ ሰውዬ ሲገባ የመጀመሪያ ቃሉ "ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ ናቸው" ሆነ። በእያንዳንዱ ፀብ መሀል በር በሩን ያያል፣ ቴአትሩ እስኪያልቅ ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ ናቸው።

"እንደዛ አድርጎ መቀየር ይቻላል እንዴ?"

ይቻላል፣ ቴአትር ቤቶቻችን ድሮም ውርስ ትርጉም እያሉ ሲሰሩት የኖሩት ነው። ነፃ የሆነ ስራ ላይ ስም ብትቀይሩ፣ ቦታ ብትቀይሩ፣ ግማሹን ብትቆርጡ ከልካይ የላችሁም። የጨዋ ሰው ስራ ግን ፖስተሩ ላይ "ከአንቶን ቼኾቭ ድርሰት ተወስዶ" ብሎ መፃፍ ነው። ነፃ ነው ማለት የኔ ነው ማለት አይደለም።

ባይ ዘ ዌይ የፃፋችሁት ትርጉም የናንተ ነው፣ መብቱ የሚመጣው በመፃፋችሁ ነው እንጂ ስላስመዘገባችሁት አይደለም። ሌላ ክበብ ሊሰራው ከፈለገ እናንተን ነው የሚያስፈቅደው፣ ስለዚህ ስማችሁንና ቀኑን ስክሪፕቱ ላይ አስቀምጡ። ሽፋኑንም አጥብቃችሁ ስፉት።

"በአፋን ኦሮሞስ?"

በተለይ በአፋን ኦሮሞ! ጅማ ውስጥ ቆማችሁ ምን ትጠብቃላችሁ። የቼኾቭን በቅሎ በአፋን ኦሮሞ ስንሞክራት ስድቡ ራሱ የተሻለ ሆኖ ነው ያገኘነው። ከአማርኛ ትርጉም ላይ ከተረጎማችሁ ግን አማርኛውን የሰራውን ሰው ማስፈቀድ አለባችሁ፣ ከእንግሊዝኛው ቀጥታ ብትሄዱ ይቀላል።

"ብዙ ነን፣ 20 ምናምን ልጅ አለን፣ ሁሉም መድረክ ላይ መውጣት ይፈልጋል።"

ጎጎል። የ1836ቷን፣ በአማርኛ "ዋናው ተቆጣጣሪ" ተብላ የምትታወቀውን። ከዋናው ከተማ ኢንስፔክተር በድብቅ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ይደርሳቸዋል የአንድ ትንሽ ከተማ ሹሞች፣ ይደናገጣሉ፣ የሆቴል ሂሳብ መክፈል ያቃተውን አንድ ወጣት እሱ ነው ብለው ጉቦ ያሸክሙታል። ከንቲባ፣ ዳኛ፣ ፖስታ ቤት ሃላፊ፣ ነጋዴዎች፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ለሁሉም የሚሆን ቦታ አለ። ትልቅ እንግዳ ይመጣል ሲባል የአስፋልት ጠርዝ ቀለም ሲቀባ ያየ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም። የታወቀውን የአማርኛ ትርጉም ግን ዝም ብላችሁ ፎቶ ኮፒ እንዳታደርጉ፣ ወይ አስፈቅዱ ወይ የራሳችሁን ተርጉሙ።

"ሴቶች ብቻ ነን።"

ሎርካ "የቤርናርዳ አልባ ቤት" የሚል አለው፣ መድረክ ላይ አንድም ወንድ አይወጣም። ባሏ የሞተባት እናት አምስት ሴት ልጆቿን 8 አመት ሀዘን ትቀመጣላችሁ ብላ በር ዘግታ የምታስቀምጥበት ነው። እዚህ አገር ከል የለበሰች ሴት ምን ማለት እንደሆነች የምታውቅ ተዋናይ ስትሰራው ይሰማኛል፣ ገና አላየሁትም፣ ማየት እፈልጋለሁ። ችግሩ ኦሪጂናሉ ስፓኒሽ ነው፣ በየቦታው የምታገኟቸው የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ደግሞ አብዛኞቹ ገና ባለቤት አላቸው። ስፓኒሽ የሚችል ሰው ካላችሁ ግን ሂዱበት።

ካልሆነ የሶፎክልስን "አንቲጎኔ" ውሰዱ። ወንድሟን አትቅበሪ ተብላ የቀበረች ልጅ ታሪክ ነው። እድር ያለው ህዝብ መሀል ሬሳ አይቀበር የሚል ንጉስ ስታቆሙ ዝምታው ከሳቅ ይከብዳል። የፈረንሳዩ አኑይ የፃፈው ሌላ "አንቲጎኔ" አለ፣ እሱ በ1987 ነው የሞተው፣ እንዳይምታታባችሁ።

"ስፖንሰር የሚያደርጉን ድርጅቶች መልእክት ያለው ነገር ይላሉ፣ ክላሲክ ምን መልእክት አለው?"

የኢብሰንን "የህዝብ ጠላት" ስጧቸው፣ የ1882 ስራ ነው። አንድ ሀኪም ከተማዋ የምትኮራበት የፈውስ መታጠቢያ እንደተበከለ ያገኛል፣ ከንቲባው ደግሞ የገዛ ወንድሙ ነው፣ ከተማው በሙሉ ገቢያችን ሊቀር ነው ብሎ ሀኪሙን ጠላት ያደርገዋል። አዌቱ ወንዝ መሀሉን በሚያልፈው ከተማ ይሄን ለመረዳት ብሮሹር አያስፈልግም። በየትምህርት ቤቱ በክበብ ስም የሰራናቸውን አጫጭር ድራማዎች ታስታውሱ እንደሆነ፣ መጨረሻ ላይ አንዱ ወደ ፊት ወጥቶ ትምህርቱን የሚናገርባቸውን፣ ኢብሰን ከዛ ያድናችኋል። አርተር ሚለር ይሄንኑ ተውኔት በ1950 አሳጥሮ ፅፎታል፣ የሱን እንዳትጠቀሙ፣ ነፃ አይደለም። የበርናርድ ሾው "ፒግማሊየን"ም እንደዛው ነው፣ ድራማው ነፃ ነው፣ ከሱ የተሰራው "ማይ ፌር ሌዲ" ሚውዚካል ግን አይደለም።

"የኢትዮጵያውያንስ የድሮ ተውኔት?"

እዚህ ላይ ዝርዝሩ አጭር ነው። ዮፍታሄ ንጉሴ በ1939 ነው ያረፉት፣ እነ "አፋጀሽኝ"ን የፃፉት፣ 50 አመቱ በ1989 ሞልቷል። ከሳቸው ስራዎች አንዱን እንደ መፅሀፍ ስታገኙት ግን የታተመበትን አመት እዩ፣ ደራሲው ከሞተ በኋላ የታተመ ነገር ቆጠራው ከታተመበት ነው የሚጀምረው። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለው "ፋቡላ"፣ ያ የአውሬዎቹ ኮሜዲ፣ የበጅሮንድ ተክለሃዋርያት ተክለማርያም ነው፣ የ1923ቱን ህገ መንግስት ያረቀቁት ሰውዬ። እሳቸው በ1969 ስላረፉ 50 አመቱ የሚሞላው በ2019 ነው። የመንግስቱ ለማን "ጠልፎ በኪሴ" ሁሌ ይጠይቁኛል፣ በጣም ደስ የሚል ስራ ነው፣ ግን በ1980 ነው ያረፉት፣ እስከ 2030 አስፈቅዱ።

"ቀርፀን ዩቲዩብ ላይ ብንጭነውስ?"

እዚህ ላይ የኛ 50 አመት ብቻውን አይበቃም፣ ቪዲዮው አውሮፓም አሜሪካም ይታያላ። አውሮፓ ውስጥ በአብዛኛው 70 አመት ነው፣ አሜሪካ ደግሞ ለድሮ ስራዎች ከታተሙበት 95 አመት ይቆጥራሉ። ብሬኽትን ውሰዱ፣ በኛ ቆጠራ ጨርሷል፣ ጀርመን ውስጥ ግን እስከ 2026 መጨረሻ (በፈረንጅ) ባለቤት አለው። የሎርካዋ ቤርናርዳም ለህዝብ የወጣችው በ1945 ስለሆነ አሜሪካ ውስጥ ገና ናት። ቼኾቭ፣ ጎጎል፣ ሞሊየር፣ ሼክስፒር የትም ብትጭኗቸው ሰላም ናቸው።

ቪዲዮ የሚያስወርደው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተውኔቱ ሳይሆን በትእይንት መሀል የምትከፍቱት ዘፈን ነው። ክራር ወይ ዋሽንት የሚችል ልጅ ካለ ይጫወት፣ ያ የናንተ ነው።

"እና ነፃ ከሆነ ምንም ወጪ የለውም ማለት ነው?"

ሃሃ። ነፃ የሆነው ድርሰቱ ነው። አዳራሽ ይከፈላል፣ ባይከፈል እንኳ ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ይፈለጋል፣ ከከተማው ባህልና ቱሪዝም ጋር ቀድሞ መነጋገር አለ፣ ስክሪፕት ኮፒ አለ፣ መብራት ከሄደ ጀነሬተር አለ፣ ጥናት ከመሸ ሴቶቹ ልጆች በባጃጅ ነው የሚሄዱት፣ የሁሉንም ክበቡ ነው የሚችለው። እቃ ላይ ጅማ ታድለናል፣ በርጩማውና ወንበሩ ከየቤቱ ይመጣል፣ የቹቡኮቭን (የ"ጋብቻ ጥያቄ"ው አባትየው) ሳሎን በሶስት በርጩማና በአንድ ረከቦት ነው የሰራነው።

"መቼ ብናሳይ ይሻላል?"

ጥቅምትና ህዳር። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ቴአትር አታሳዩ፣ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። እኛ ሰኔ ላይ ሞክረነዋል። በቅሎዋ ላይ ሊጣሉ ሲሉ ዶፉ ወረደ፣ ፊት የተቀመጠው ሰው እንኳ የሚሰማው ነገር የለም፣ ሶስቱም አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ ድምፅ የለም። እኔ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ መብራት እናጥፋ ወይስ እንጠብቅ እያልኩ ሳስብ ሎሞቭን የሚጫወተው ልጅ በርጩማውን ወደ ፊት ጎትቶ ተቀመጠና ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ፣ ከዛ በሩን አየ፣ ከዛ ዝናቡ ትንሽ ጋብ ሲል ጠብቆ አባትየውን "አይፍረዱባቸው ጋሼ፣ ሽማግሌዎቹን ዝናብ ይዟቸው ነው" አለው።